የሕልም ቤታችን የት ይሠራ? ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይስ ደብረ ብርሃን

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጠቅልለን ለመግባት አስበናል። የምንመኘው 300 ካሬ ላይ ጂ ፕላስ ዋን፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ጣራው የማይታይ ጠፍጣፋ ቤት ነው፤ ከሰገነቱ ሐይቅ ቢታይማ ሌላ አንፈልግም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ አብረውን ይኖራሉ፤ በየወሩ አዲስ አበባ ሐኪም ያያቸዋል። ምርጫችን ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይም የተወለድኩበት ደብረ ብርሃን ነው። የቱ ይሻላል? ከወዲሁስ ምን እንጠንቀቅ?»

መልስ፦

አጭሩ መልስ ቢሾፍቱ ነው፤ ግን ከሐይቁ አፋፍ ሁለት ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ፣ የእናትዎ ክፍል ምድር ላይ ሆኖ፣ ጣራው ክፈፍ ወጥቶለት። ቤት ሲታለም መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶው ነው። ያ ፎቶ ግን የተነሣው ሌላ አፈርና ሌላ ዝናብ ላይ ነው። እኛ አገር ቤትን የሚሰነጥቀውና ኪስን የሚያራቁተው ከሥር ያለው መሬትና ከላይ የሚወርደው ውሃ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

ሐዋሳ ለኑሮ ትመቻለች፤ ለእናትዎ ግን ትርቃለች። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች የሐኪም ቀጠሮ ባለ ቁጥር አንድ ሙሉ ቀን መንገድ ላይ ሊያልቅ ነው። ሐይቁ የወንዝ መውጫ የለውም፤ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ይሞላና ወደ ከተማው ይገፋል፣ ለዚህም ነው ዳሩ ላይ የመከላከያ ግድብ የተሠራለት። ዛሬ ደረቅ ሆኖ የሚታይ «ውሃ ዳር» ቦታ ከመግዛትዎ በፊት የሠፈሩን ሽማግሌዎች ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር ይጠይቁ። ሌላው ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ይይዛሉ፤ የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። ማፍላት አያጠፋውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይጠነክራል። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ካሰቡ ምርመራው ከፓምፑ ይቅደም።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፣ ድንጋዩም ሞልቷል። ከፍታዋ ግን 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ፊቱ በሙሉ ነጠላ መስታወት የሆነ ቤት እዚያ ቀን ሞቆ ማታ ማቀዝቀዣ ይሆናል። ልብዎ ወደ ትውልድ ቀዬዎ ካደላ የኮርኒሱን ከፍታ ወደ 2.60 ሜትር ዝቅ አድርገው፣ ሰፊውን መስኮት ወደ ደቡብ አዙረው፣ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይሥሩት። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያም ውርጭ የሚቋቋም ዓይነት ይሁን፤ ተራው ቧንቧው ውስጥ ውሃው ሲረጋ ይፈነዳል።

ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ላይ ያለች፣ ቀኗ ሞቅ ሌሊቷ ቀዝቀዝ የሚል ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ ከአዲስ አበባ የሚወስደውን የ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ጊዜ አሳጥሮታል። አየር መንገዱ አቡሴራ ላይ የያዘው ግዙፍ ኤርፖርት የመሬቱንም ዋጋ የአካባቢውንም ፕላን እየቀየረ ስለሆነ፣ ቦታ ሲያዩ ደላላውን ሳይሆን የማዘጋጃ ቤቱን መዋቅራዊ ፕላን ይመኑ፤ ዛሬ መኖሪያ የተባለው ነገ መንገድ ሊያልፍበት ይችላል።

አፋፉን የምቃወምበት ምክንያት አለ። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የፈነቀላቸው ጉድጓዶች ናቸው። ጠርዛቸው የተደራረበ አመድና ልል ጠጠር ስለሆነ የሽንት ቤት ፍሳሽና የአትክልት ውሃ በየቀኑ ሲሰርገው ይፈታል። ከሁለተኛው ረድፍ፣ ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆነው ከሰገነት ውሃውን ማየት ይችላሉ፤ ገደሉ ግን የእርስዎ አይሆንም። የወባ ነገር ስላለ በየመስኮቱ የወባ ትንኝ ወንፊት ከፍሬሙ ጋር አብሮ ይሠራ፤ በኋላ የሚለጠፍ ወንፊት ዓመት አይቆይም።

አሁን ወደ አፈሩ። ቢሾፍቱ ዙሪያ ሁለት ዓይነት መሬት ጎን ለጎን ይገኛል፤ ኮረብታማው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሜዳው ደግሞ የአድአን ማኛ ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር። ለጤፍ በረከት የሆነው ይህ መረሬ ለቤት ጠላት ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቤቱን ክረምት ያነሣዋል፣ በጋ ይለቀዋል። ቦታውን ሁለቴ ይዩት፤ አንዴ ነሐሴ ጭቃው ጫማ ሲይዝ፣ አንዴ ሚያዝያ ስንጥቁ ሲከፈት። እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ ሌላ ምርመራ ሳይደረግ ግማሹን መልስ አግኝተዋል። የጎረቤትንም ቤት ይመልከቱ። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስንጥቅ፣ ያዘመመ አጥር፣ ክረምት አልዘጋ የሚል በጋ የሚላላ በር፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ጥፋቱ የግንበኛው ብቻ አይደለም።

ከዚያ ሁለት ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ በቦታው ተቃራኒ ማዕዘኖች፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር ጥልቀት። ናሙናው ላቦራቶሪ ሄዶ የእብጠት መጠኑና የመሸከም አቅሙ ይለካ። ለመጀመሪያ ፍተሻ ግን አንድ ቀላል ነገር አለ። አፈሩን አድርቀው፣ ወቅጠው በቀጭን ወንፊት ይንፉ፤ ከዚያ 10 ሚሊ ሊትር ያህሉን 100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የመለኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብለው ይጨምሩ። በ24 ሰዓት ውስጥ 15 ላይ ከቆመ 50 በመቶ አብጧል፤ ከዚህ በታች የሆነ እምብዛም አያስቸግርም። 20 ከደረሰ 100 በመቶ ነው፤ ያ አፈር ላይ በተለመደው መሠረት ቤት አይሠራም።

የሚቀጥለው ውሳኔ በጥልቀቱ ይወሰናል። ጥቁሩ አፈር 1 ሜትር ከሆነ ተጠርጎ ይውጣ። ቤትዎ የሚያርፍበት 130 ካሬ ቢሆን 130 ሜትር ኩብ አፈር ማለት ነው፤ ሲቆፈር ስለሚነፋ ወደ 165 ይደርሳል፣ 16 ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 10 ወይም 11 ምልልስ። በምትኩ የሚገባው ገረጋንቲ (ተመርጦ የሚመጣ የሙሌት አፈር) በ20 ሳንቲ ሜትር ንጣፍ እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ይሞላ። አንድ ሜትሩን በአንዴ ገልብጦ ከላይ ብቻ መደብደብ የተለመደ ማታለያ ነው፤ ወለሉ በሁለተኛው ክረምት ሲሰጥም ያኔ ይታወቃል። ጥቁሩ አፈር 2 ወይም 2.5 ሜትር ከዘለቀ ሁሉን ማውጣት አያዋጣም፤ የፉቲንግ (የምሰሶዎቹ የመሠረት እግር) ጉድጓዶቹ ብቻ እስከ ጠንካራው ንብርብር ይውረዱ፣ ከግሬድ ቢሙ (መሠረቱን ከሚያስተሳስረው አግዳሚ አርማታ) ሥር ደግሞ አፈሩ ሲያብጥ የሚገባበት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይቀመጥ። ከ3 ሜትር በላይ ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ፤ በቀረው ገንዘብ የተሻለ መሬት ይገኛል።

እዚህ ላይ ባለሙያም የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጥቁር አፈር ተቆፍሮ ውሃ የሚያሳልፍ ቀይ ጠጠር ሲሞላበት ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል። የጣራው ውሃ በጠጠሩ ሰርጎ ይገባል፤ ዙሪያው ሸክላ ስለሆነ መውጫ ያጣና ሥሩን ያሳብጠዋል። መድኃኒቱ ከላይ መዝጋት ነው። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው የሲሚንቶ ንጣፍ በየሜትሩ 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ እያዘነበለ ይሠራ፤ የአሸንዳው ወራጅ ቱቦ ግድግዳ ሥር ሳይፈስ ወደ ታንከር ወይም ወደ ቦይ ይግባ። የሣር መስኩንና የአበባ መደቡን ከንጣፉ ውጭ ያድርጉት። ባሕር ዛፍ ካለ ወይ ይቆረጥ፣ ወይ ቤቱ የዛፉን ቁመት ያህል ይራቅለት፤ ሥሩ ውሃውን ሲመጥ አፈሩ በአንድ ወገን ይኮማተራል።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ መጠየቅ ግን አለበት። የ1953ቱ የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፣ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የአገሪቱ የሕንጻ ኮድ ይህን የሚመለከት ክፍል አለው፤ ዲዛይነሩ ስሌቱን ያሳይዎት። ሳይት ላይ ግን ነገሩ የሚያልቀው ስታፋ (ቋሚ ብረቶቹን የሚያቅፈው የብረት ቀለበት) ላይ ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) ከቢሙ (ከአግዳሚው) በሚገናኝበት፣ ከላይም ከታችም 60 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ስታፋው በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ይደረደር። ጫፉም ወደ ኮለኑ ውስጥ በ135 ዲግሪ ይታጠፍ። ፌራዮዎች (ብረት አሳሪዎች) ስለሚፈጥን 90 ዲግሪ አጥፈው ይተዉታል፤ ኮለኑ ሲናወጥ ያ እጥፋት ይከፈትና ቋሚው ፌሮ ወደ ውጭ ይጎብጣል። ግድግዳ ውስጥ እንዲደበቅ ተብሎ 20 በ20 የሚሠራ ኮለን ለጂ ፕላስ ዋን አይሆንም፤ 30 በ30 ይሁን፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቢያብጥ ቁም ሳጥን ይሸፍነዋል። ምድሩን በሙሉ ክፍት ጋራዥ አድርጎ ቤቱን በቀጫጭን ኮለን ማቆምም ይቅርብዎ።

አርማታው ሲ 25 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ከሆነ በልኬቱ አንድ ለሁለት ለሦስት ነው። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር ይመጣጠናል። እንግዲህ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ውሃው 25 ሊትር ገደማ፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፣ በባልዲ ተለክቶ እንጂ በጎማ እየተረጨ አይደለም። ሠራተኛው ውሃ የሚያበዛው ለመገልበጥ ስለሚቀለው ነው፤ ጥንካሬው የሚሄደው ግን በዚያው ነው። አሸዋውን በመስተዋት ጠርሙስ ይፈትሹት፤ ግማሽ አሸዋ፣ ውሃ፣ ቁንጥጫ ጨው ጨምረው በደንብ ይናጥና ሦስት ሰዓት ይቀመጥ። 100 ሚሊ ሜትር አሸዋ ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ ጭቃ ከተኛበት ይታጠብ ወይም ይመለስ። ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን በጆንያ ተሸፍኖ ይጠጣ፤ የቆመበት አጠና ከ21 ቀን በፊት አይነሣ።

የማይታየው ጠፍጣፋ ጣራ ላይ ልከራከርዎት ነው። በአብዛኛው ጠፍጣፋ የሚመስለው ቆርቆሮ ነው፤ ከፓራፔት ግንብ ኋላ ተደብቆ ውሃውን በውስጥ አሸንዳ ያወርዳል። በረዶ ሲጥል ወይም ቅጠል ቀዳዳውን ሲደፍነው ውሃው መውጫ አጥቶ ወደ ኮርኒስ ይገባል። ጣራውን ቢያንስ 15 ዲግሪ አዘንብሎ ክፈፉን 80 ሳንቲ ሜትር ማውጣት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ግድግዳውን ከዝናብ፣ ክፍሉን ከፀሐይ ያድናል። ቢሾፍቱ ላይ ታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ያህል ላይ ትሆናለች፤ የ80 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ የደቡቡን ግድግዳ 1.25 ሜትር ያህል ያጠላለታል። ሰኔ ላይ ወደ ሰሜን ስትዞር ግን ከፍ ስለምትል ያው ክፈፍ ሦስት ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ መስታወቱን ይሥሩት፣ ግን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አጎንብሳ የምትገባውን የምዕራብ ፀሐይ ክፈፍ አይመልሳትም፤ በዚያ ወገን ደረጃውን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ስቶሩን ያድርጉ። መኝታ ቤቶቹ ወደ ምሥራቅ።

ያው ጣራ ውሃም ይሰጣል። ከነክፈፉ 140 ካሬ ቢሆን፣ በቢሾፍቱ 850 ሚሊ ሜትር ገደማ የዓመት ዝናብ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 95,000 ሊትር ይሰበሰባል። አምስት ሰው በቀን 80፣ 80 ሊትር ቢጠቀም 400 ሊትር ነው፤ ስሌቱ ስምንት ወር የሚጠጋ ያስኖራል። ዘዴው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ዝናቡ አብዛኛው በሦስት ወር ስለሚወርድ የሚወስነው የታንከርዎ ልክ ነው። 10,000 ሊትር የምድር ታንከር 25 ቀን ያቆያል፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ያ በቂ ነው። ከላይ የሚሰቀለው 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ይመዝናልና በኮርኒስ እንጨት ላይ ሳይሆን ኮለን በተሸከመው ሶሌታ ላይ ይቀመጥ።

ፍሳሹ፦ ለስድስት ሰው 4 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ የመጀመሪያው ክፍል የሁለተኛውን እጥፍ የሆነ ሴፕቲክ ታንክ ይበቃል። ጥቁር አፈር ላይ የማስረጊያ ጉድጓድ ውሃውን አይቀበልም፤ ስለዚህ መጣጭ መኪና ቶሎ ቶሎ ይመጣል ማለት ነው። የግቢው በር 4 ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ታንኩም ቱቦው የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን። ከመሠረቱ ቢያንስ 5 ሜትር፣ በቁልቁለቱ በኩል።

ወደ እናትዎ ክፍል እንግባ። ምድር ላይ፣ 3.5 በ4፣ መታጠቢያው ከውስጥ። በሮቹ 90 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ፣ ሻወሩ እርከን አይኑረው፤ ወለሉ ራሱ ወደ ማፍሰሻው ያዘንብል። የመደገፊያ ብረቱ በ85 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይታሰራል፤ ነገር ግን ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቡሎን አይይዝም። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ያን ረድፍ ብሎኬት በአርማታ ማስሞላት አለብዎ። ይህ የአንድ ባልዲ ሥራ ነው፤ ከተረሳ ግን ወይ ሴራሚኩ ይሰበራል፣ ወይ ብረቱ ከነሰውየው ይነቀላል። ቤቱ ከግቢው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ መግቢያው ላይ በአንድ ለአሥራ ሁለት የሚወጣ ዘንባላ መንገድ 5.4 ሜትር ይፈልጋል፤ በመኪናው መግቢያ ጎን ከአሁኑ ቦታ ይያዝለት። የደረጃው አንድ እርከን ከ17 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ ወለል ለወለል 3.06 ሜትር ቢሆን 18 እርከን፣ መርገጫው 28 ወይም 30።

የቡና ቦታውን ማንም በፕላን ላይ አይጽፈውም። በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የተለመደው የመስኮት አፍ ደግሞ ከ90 እስከ 100 ነው። እናትዎ ጀበናውን ጥደው ቀና ሲሉ የሚያዩት ልስን ይሆናል። በዚያ ጥግ መስኮቱን ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ያውርዱት፣ ወደ ጓሮ ይዙር፤ ከላዩ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ይኑር፣ የከሰል ጭስ ራስ ምታት ብቻ አይደለምና። ወለሉ ላይም እንጨት መሰል ንጣፍ አይሁን፤ ፍም ይወድቅበታል፣ ሴራሚክ ወይም ሊሾ ይሻላል።

የእንጀራ ምጣድ ከዋናው ማድ ቤት ወጥቶ 2.5 በ3 የሆነ ጓዳ ይሁንለት፣ እንፋሎቱን ከሚያወጣ ማራገቢያ ጋር። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው፤ የራሱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ 20 አምፔር ማጥፊያ ይሠራለት። ከተራ ሶኬት መስመር ጋር ሲቀጠል መጀመሪያ የሚቀልጠው ግድግዳው ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ነው። ምጣድ፣ ምድጃና ፓምፕ አንድ ላይ ስለሚሠሩ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ጥያቄው ግንባታው ሲጀመር ይግባ።

ወረቀቱን በተመለከተ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የሚገዙት በላዩ ያለውን ቤትና የመጠቀም መብቱን ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 የመኖሪያ ሊዝ እስከ 99 ዓመት ነው። ከከተማው ዳር «የገበሬ ቦታ ነው፣ በኋላ ካርታ ይወጣለታል» ከተባሉ ተመልሰው ይሂዱ፤ የጨረቃ ቤት ስምንት ዓመት ቆይቶም ይፈርሳል። የአሜሪካ ዜግነት ከወሰዱ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተመሠረተውን ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) አስቀድመው ያውጡ። ውክልናው ዋሽንግተን ኤምባሲ ተፈርሞ አዲስ አበባ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጽሑፉን ግን ቃል በቃል ያንብቡት፤ በተለመደው ቅጽ ውስጥ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» የሚል አለ። ለግንባታ የሚያስፈልገው ፈቃድ ማውጣት፣ ውል መፈራረምና ውሃና መብራት ማስገባት ብቻ ስለሆነ ሌላው ይሰረዝ።

ክፍያውን በደረጃ ያድርጉት፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊትም ሜትር ተዘርግቶበት የተነሣ ፎቶ ይጠይቁ፦ የፉቲንጉ ጥልቀት፣ የሙሌቱ እያንዳንዱ ንጣፍ፣ የኮለኑ ስታፋ ካሳፎርማው (የአርማታው ማቀፊያ ሣንቃ) ከመዘጋቱ በፊት፣ የሶሌታው ፌሮ ከመሞላቱ በፊት። አርማታ ከተሞላ በኋላ የሚላክ ፎቶ ምንም አይናገርም። ተቆጣጣሪው ከኮንትራክተሩ ጋር ዝምድና የሌለው መሐንዲስ ይሁን፣ ደመወዙም በቀጥታ ከእርስዎ ይከፈለው። ቁፋሮው ጥቅምት ቢጀመር ጣራው ሚያዝያ ላይ ይወጣል፤ መጋቢት ላይ የተጀመረ መሠረት ክረምቱን ውሃ እንደሞላው ያሳልፋል።

አራት ዓመት ካለዎት የመጀመሪያውን ለቦታ ፍለጋና ለአፈር ምርመራ ይስጡት። የሁለቱን ጉድጓዶች የንብርብር ጥልቀትና የእብጠት ውጤት ሲያገኙ ከቦታው ንድፍ ጋር ይላኩልኝ፤ የፉቲንጉን ስፋትና የፌሮውን ብዛት ያለዚያ መናገር ግምት ነው።